ወንድሜን ወደ መጋዘን ስላዛወሩልኝ

ይድረስ ለተከበሩ የሆስፒታሉ ሥራ አስኪያጅ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እጅ እየነሣሁ፣ ጤናዎ፣ ወንበርዎና የቢሮዎ መጋረጃ እንደምን እንደሰነበቱ እጠይቃለሁ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ አውቶቡስ ስነዳ፣ በመስኮት የሚገባው ፀሐይ ግራ ጉንጬ ላይ የቆዳ ካንሰር ያወጣብኝ ጡረተኛ ነኝ። በሆስፒታልዎ የጨረር ሕክምናዬን ጨርሼ ቁስሉ እየደረቀልኝ ነው፤ ተመስገን። ቅሬታዎቼ ጥቂት ስለሆኑ እስከ መጨረሻው እንዲታገሱኝ እለምናለሁ።

አንደኛ፣ በጨረር ክፍሉ በር ላይ፣ አስታማሚ ሳይዝ የመጣ ታካሚ እንደማይስተናገድ በትልልቅ ፊደል ስላስለጠፉልን አመሰግናለሁ። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ቤቴ ውስጥ ከእኔ ሌላ የሚያስል ሰው እንደሌለ አውቅ ነበር፤ በሰልፈኛ ፊት ጮክ ተብሎ ሲነገረኝ ግን የመጀመሪያዬ ነው። መዝጋቢዋ፣ ልጅም፣ እኅትም፣ ጎረቤትም ቢሆን የለዎትም ወይ እያለች ስትጠይቀኝ ለሁሉም የለኝም አልኋት። አንገቴን ደፍቼ ልመለስ ስል፣ ከዚያ በፊት ሰላምታ እንኳ ያልተለዋወጥነው የበሩ ዘበኛ ጠጋ ብሎ፣ ወንድሜ ነው፣ አስታማሚው እኔ ነኝ አላት።

ሁለተኛ፣ ስለ ጭምብሉ። በሙቅ ውኃ የለሰለሰ ፕላስቲክ ፊቴ ላይ ዘርግተው በመልኬ ልክ ካደረቁት በኋላ፣ በየቀኑ በእሱ ከአልጋው ጋር ያስሩኝ ነበር። ከዚያ ሰው ሁሉ ይወጣል፣ ከባዱ በር ይዘጋል፣ በድምፅ ማጉያም እንዳልንቀሳቀስ እለመናለሁ፤ ታስሬ ወዴት እሄዳለሁ ብለው እንዳሰቡ አላውቅም። ሕክምናው አያምም። ብቸኝነት እቤቴ ሞልቶ ተርፎኝ ሳለ እዚህም መጨመሩ ግን ከበደኝ። በሩ ሲከፈት ዘበኛው ኮፍያዬን ይዞ ይጠብቀኛል፤ ፀሐይ እንዳይነካኝ ራሱ ይደፋልኝና የቀላውን ጉንጬን አይቶ ዛሬስ የለየልህ ቲማቲም ሆነሃል ብሎ ይስቅብኛል። ባለቤቴ ከሞተች ወዲህ ፊቴን አስተውሎ ያየኝ ሰው እሱ ብቻ ነው።

ሦስተኛ፣ ይህንኑ ሰው ዘመድ ሳይሆን ዘመድ ነኝ ብሏል፣ የሥራ ቦታውንም ትቷል በሚል ከከተማው ዳር ወዳለው መጋዘን ስላዛወሩት፣ ትጋትዎን አደንቃለሁ። መጋዘኑ ውስጥ ያሉት ጎማዎችና የተሰበሩ አልጋዎች አስታማሚ እንደሚያሻቸው ማን ያስብላቸው ነበር! በመጨረሻው የሕክምናዬ ቀን መዝጋቢዋ አዝናልኝ አስታማሚ ሳትጠይቅ አስገባችኝ። ስወጣ ኮፍያዬ አግዳሚው ወንበር ላይ ብቻውን ተቀምጧል። በዚህ ዕድሜዬ፣ በሰው ፊት፣ አለቀስሁ።

ስለዚህ ወንድሜን ወደ በሩ እንዲመልሱልኝ በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ።

ማስታወቂያዎ አይቀደድ፣ ወንበርዎ አይነቃነቅ እያልሁ፣ ከማያልቅ አክብሮት ጋር፣

ጉንጩን ያዳኑለት፣ ወንድሙን የወሰዱበት
የቀድሞው አውቶቡስ ነጂ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ለክትትል ስመለስም አስታማሚ ይዤ እንድመጣ ታዝዣለሁ። ወንድሜ እስከዚያ ካልተመለሰ፣ ደንቡን ያወጡት እርስዎ ነዎትና ኮፍያዬን ይዤ ቢሮዎ በር ላይ እጠብቅዎታለሁ። ከእርስዎ የሚጠበቀው ለመዝጋቢዋ፣ ወንድሜ ነው፣ ማለት ብቻ ነው። ዘበኛዎ ይህን ቃል ሳይለማመድ ነው የተናገረው።