ከፔሩ ለመጣው ማሰሮ የተደረገ አቀባበል

ይድረስ ለተከበሩ አቶ ዓባይነህ፣ የባህል አዳራሻችን ኃላፊ
ጂንካ

ጉዳዩ፦ የሸክላ አፈሩን አጥር እንዲከፍቱልን ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደ አዲሱ አጥርዎ የጠና፣ እንቅልፍዎም ሕሊና እንደማይቀሰቅሰው ሰው እንቅልፍ የሰላም ይሁንልዎ።

አዳራሹ በተመረቀ ዕለት ከኋላ ወንበር ተቀምጠው ንግግርዎን ካደመጡት አንዷ ነኝ። ለልምድ ልውውጥ ፔሩ ድረስ ደክመው ባይሄዱልን ኖሮ፣ ከቀይ አፈር አልፈን የማናውቅ እኛ ዓለምን በፕሮጀክተር የምናይበት ዕድል አልነበረንም። ስለዚህ ቅሬታዎቼን ከምስጋና ጋር አጣምሬ አቀርባለሁ።

፩. የፔሩ አንዲስ ተራሮች ጥንታዊ ሰዎች የሰው ፊት ያለው ትልቅ ማሰሮ ይሠሩ እንደነበር፣ በአምልኮታቸውም ሆን ብለው ይሰብሩት እንደነበር በሥዕል አሳይተው «መስበራቸው ክብር ነው» ሲሉ ድምፅዎ ተንቀጥቅጧል። ከዚያም ከፔሩ ባስመጡት ባለፊት ማሰሮ ብርዝ ጠጥተው አስጨበጨቡን። ለእንግዶቹ ብርዙ በብርጭቆ ሲታደል፣ ሸክላ ሠሪዋ አስካልም እንደ ሰው እጇን ዘርግታ አንድ ተቀበለች። ጠጥታ ስታስቀምጠው ለአስተናጋጁ «ያቺን ብርጭቆ ለይተህ አውጣት» ያሉት በጆሮው ነበር፤ ማይክሮፎኑ ግን ስላልተዘጋ ሁላችንም ሰማንልዎ። ከአዳራሹ ጀርባ ብርጭቆው ሲንኮታኮት አንዱ እንግዳ «እትዬ አስካል፣ ያንቺን ብርጭቆ ለፔሩ አምላክ ሰጡልሽ!» ብሎ ወንበሩን ሁሉ አሳቀ። አስካል አላለቀሰችም፤ እንዲያውም ፈገግ አለች፤ ምክንያቱን ከፊርማዬ በታች ያገኙታል። ሸክላ ሠሪ የጠጣበትን ዋንጫ ሰብሮ እጅ መታጠብን እኔም በልጅነት ትዳሬ፣ የአስካል እናት ከደጄ ውሃ ጠጥታ በሄደችበት ቀን ጠንቅቄ ተምሬዋለሁና፣ የእርስዎን አሰባበር ለማድነቅ በቂ ሙያ አለኝ።

፪. ከአንዲስ በመጡት ፎቶዎች ሥር «የታላላቅ ጠቢባን ሥራ» ተብሎ ተጽፏል። ከጎናቸው በተደረደሩት የአስካል ጋኖች ሥር ግን «ሠሪው ያልታወቀ» ይላል። ሠሪዋ የአዳራሹ ጎረቤት ናት። ጠዋት ጠዋት መኪናዎን ሲያስነሱ ጭሱን የሚያጠጧት እርሷን ነው።

፫. ዋናው ጉዳዬ ይህ ነው። ከምረቃው ማግስት አስካልና ከእርሷ በፊት እናቷ አፈር ሲቆፍሩበት የኖሩትን ጉድጓድ ደፍነው፣ ዙሪያውን በቆርቆሮ አጥረው፣ መሐሉ ላይ የአንዲስን የድንጋይ ሐውልት አምሳያ በሲሚንቶ አስቀርጸው አቁመዋል። ደረቱ ላይ ዋንጫ የያዘ ሰው ነው። ዋንጫውን የሚሰብርበት ስለሌለ ደስ ይበለው። አስካል ግን ሌላ አፈር የላትም፤ ከወዲያኛው ወንዝ ዳር የሚመጣው እሳት ሲያይ ይሰነጠቃል። ባዶ ቅርጫቷን ይዛ ወደ አጥሩ ብትመጣ ዘበኛው «ሂጂ፣ ቅርስ ነው!» ብሎ መለሳት። በቅዳሜው ገበያ የሚዘረጋ ሸክላ ስላልነበራት ልጆቿ ምን እንደበሉ ለባህል ዘርፍ የሚቀርብ ጥያቄ አይደለምና አላነሣውም። እርስዎ ለሞቱ ሸክላ ሠሪዎች ያለዎትን ፍቅር በዓይናችን አይተናል፤ አስካልም ከሞተች በኋላ አንድ ሺህ ዓመት ቢያልፋት እንደሚያለቅሱላት ጥርጥር የለኝም። ችግሩ እስከዚያ ምን ትብላ የሚለው ብቻ ነው።

ስለሆነም የአጥሩ በር ተከፍቶ አስካል እንደ ቀድሞው አፈሯን እንድትቆፍር፣ የሲሚንቶው ሰውም ዋንጫውን እንደያዘ ጥቂት ፈቀቅ እንዲል በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ።

ሩቅ አገር ያለውን አክብረው ጎረቤታቸውን ለማየት ጊዜ ባጡት ዓይኖችዎ ፊት ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣ፣
ከአዳራሹ ጀርባ ነዋሪ፣ የመምህር ሉቃስ ባለቤት የነበርኩ
ሙሉሽ

ድኅረ ጽሑፍ፦ በሁለት እጅዎ ተቀብለው የሳሙት፣ ብርዝ የጠጡበት፣ «የጥንቶቹ እስትንፋስ አለበት» ያሉለት ባለፊት ማሰሮ ከፔሩ የመጣው አይደለም። የፔሩው ከነሳጥኑ ከአይሱዙ ላይ ወድቆ ቀይ አፈር ላይ ደቅቋል። ጭንቅ ይዞት ስብርባሪውን ወደ ቤቴ ያመጣው ማን እንደሆነ አልነግርዎትም፤ የሰው እንጀራ መቁረጥ ይቀናዎታልና። ባለቤቴ ከተዉልኝ መጽሐፍ ሥዕሉን ያሳየሁ እኔ ነኝ፤ የሠራችው አስካል ናት፤ አፈሩም ዛሬ የሲሚንቶው ሰው ከቆመበት ጉድጓድ የወጣ ነው። እንደ ልማዷ፣ ማፍሰስ አለማፍሰሱን ስትሞክረው መጀመሪያ የጠጣችበትም እርሷ ናት፤ እስትንፋስ ያሉት የእርሷን ነው። እንግዲህ በእርስዎ ደንብ የሚሰበር ነገር አለ። ማሰሮውን ከሰበሩት፣ ምትክ የሚሠራበት አፈር ከአጥርዎ ውስጥ ነውና ቁልፉን ይላኩልን። ካልሰበሩት ደግሞ ከንፈርዎን ምን ሊያደርጉት እንዳሰቡ የጂንካ ሕዝብ ለመስማት ይጓጓል።