አመዱ ለማን ነበር

ታኅሣሥ 9፣ አቦቦ

በቆሎው ከጎተራዬ መጉደል ከጀመረ ሁለት ሳምንት ሆነው። ጎረቤቴን ኦሞድን ጠርጥሬ ነበር፤ ለምን እሱን እንደሆነ ራሴንም አልጠየቅሁም። ትናንት ጎተራው ዙሪያ አመድ ነሰነስኩ። የሰው ዱካ ከተገኘ የቀበሌውን ሊቀመንበር ልጠራ ቆርጬ ነበር።

ዛሬ ጠዋት ሳየው አመዱ ላይ የሰው እግር የለም። ዙሪያውን የሞላው የአይጥ ዱካ ነው።

ጎንበስ እንዳልኩ ኦሞድ በአጥሩ በኩል ብቅ አለ።

«ምን ጠፋብህ?»

«አይጥ አስቸገረኝ።»

ከጎተራው አጠገብ ወዳለው የማንጎ ዛፍ አንጋጦ አየና፣ «ጉጉቷስ? አይጥ የምትበላልህ እሷ ነበረች። ድምፅዋን ከሰማሁ ቆየሁ» አለ።

ጉጉቷን የገደልኳት እኔ ነኝ። ባለቤቴ ታማ ተኝታ ሳለ ጣሪያችን ላይ ስትጮህ፣ ሞት ልትጠራብን ነው ብዬ በድንጋይ ጣልኳት። ባለቤቴን ያዳናት ግን የወባ መድኃኒት ነው።

«እኔ ምን አውቃለሁ» አልኩት።

ኦሞድ አመዱን አየ፤ ቀጥሎ እኔን አየኝ። «ለአይጥ ነው አመድ?» ብሎ ተመለሰ።

ከዚያ ወዲህ ቀኑን ሙሉ ከአጥሩ ማዶ የእሱም ድምፅ ጠፋ።