በትራክተሬ ግንባር ያለው መንሽ

ማክሰኞ፣ ኅዳር ፰

የቆሎ ተማሪ ሳለሁ ውሻ ነክሶኛል፤ አላለቀስሁም። ክረምቱን በአንድ ለምድ አሳልፌዋለሁ፤ በረደኝ አላልሁም። የኔታ ቃል በሳትሁ ቁጥር በአለንጋ ሲሸነቁጡኝ፣ ጀርባዬን ሰጥቼ ቃሉን አቃንቼ ደግሜአለሁ። ኋላም በጋራዥ ሠራተኛነቴ ብረት ጣቴን ቢጨፈልቀው በጨርቅ ጠቅልዬ የጀመርሁትን ጨርሻለሁ። ይህን ሁሉ ሳላማርር ያለፍሁ ሰው በስተርጅና በሐይቅ አረም አልረታም።

አረሙ እንቦጭ ነው። ጣና ከክረምት ሙላቱ ሲሸሽ ባሕር ሸሹን ማሳዬን እንቦጭ አልብሶልኝ ሄደ። ሽንብራ የሚዘራው በእርጥብ ጭቃ ነውና፣ ጭቃው ሳይደርቅ አረሙ ካልተነሣ ዘንድሮ ሽንብራ የለም። የጎረቤቴ የእንድሪስ ማሳም እንዲሁ ነው፤ እንድሪስ ታንኳ ሠሪ ሲሆን ታንኳ የሚያወርድበት ዳርቻም ተዘግቶበታል። በእጅ ሞከርነው። ውሃ የጠጣ እንቦጭ እንደ ሬሳ ይከብዳል።

ትንሹ ትራክተሬ ከፋብሪካ የወጣው ከኋላው ባለ ማንሻ ብቻ ነው። እኔ ግን ከፊቱ የብረት ክንድና ጥርሱ የረዘመ መንሽ በየድሁለት። አሁን የቀረው በዘይት ግፊት እንዲታዘዝ ማድረግ ነው። ባለ ሁለት ዘንግ ቫልቭ ያስፈልጋል፤ አንዱ ዘንግ ክንዱን የሚያነሣና የሚያወርድ፣ ሌላው መንሹን የሚደፋና የሚመልስ። ልጄ ስንዱ ቫልቩንና ቱቦዎቹን ይዛ ከባሕር ዳር መጣች። በፋብሪካ የማሽን ጥገና ሠራተኛ ናት፤ የዓመት ፈቃዷን ለዚህ አዋለችው።

ረቡዕ፣ ኅዳር ፱

መፍቻ ከማንሣታችን በፊት ስንዱን አስቁሜ፣ «የቱቦዎቹን መንገድ በቃልሽ በይልኝ» አልኋት።

«አባባ፣ ፈተና ነው እንዴ?»

«ፈተና ነው።»

እጇን ወደ ኋላ አጣምራ ቆመች፤ ልታሾፍብኝ እንደ ሆነ ገብቶኛል። «አንደኛው ዘይቱን ከፓምፑ ወደ ቫልቩ ያመጣል። ሁለተኛው ከቫልቩ አሳልፎ ለኋላ ማንሻው ይሰጣል። ሦስተኛው ሥራውን የጨረሰውን ወደ ማጠራቀሚያው ይመልሳል።»

«ሦስተኛው ቢዘነጋስ?»

«ዘይቱ መመለሻ ሲያጣ ቫልቩን ይሰነጥቀዋል። ከዚያ እርስዎ እኔን ይሰነጥቁኛል።»

ፈገግታዬን እንዳታይ ፊቴን ወደ ሐይቁ መለስሁ። በእኔ ዘመን መምህር ተማሪውን በፊቱ አያመሰግንም ነበር። እዚህ ግን እጽፈዋለሁ፤ አንዲት ቃል አልሳተችም።

ቫልቩን በቀኝ እጄ በኩል፣ ከመቀመጫው አጠገብ አሰርነው። ዘንጎቹ ለእጄ ምቹ ናቸው።

ሐሙስ፣ ኅዳር ፲

ቱቦዎቹ ሁሉ ገቡ። ስንዱ ዘይት ልትገዛ ከተማ ሄደች። ከቫልቩ ወደ ክንዱ የሚሄዱት ቱቦዎች በክንዱ ላይ ተንዘላዝለው ባየሁ ጊዜ ደስ አላለኝም፤ ዝርክርክ ሥራ አልወድም። እንድሪስን ጠራሁት። የደንገል ታንኳ ሲያስር ቋጠሮውን ማዕበል አያላላውም። እግሩን ከክንዱ ብረት ላይ ተክሎ ገመዱን እስኪጮህ ሳበው። ቱቦው ከብረቱ ጋር አንድ አካል ሆነ።

«አያ መንግሥቱ፣ ይህ ቋጠሮ ከተፈታ ጢሜን ይላጩት» አለኝ።

እኔም እሰይ አልሁ። እንደ በገና አውታር ተወጥሮ ሳየው ልቤ ሞላ።

ዓርብ፣ ኅዳር ፲፩

ጠዋት ሞተሩን አስነሣሁ። መንሹ ሥር ማንም እንዳይቆም አዘዝሁ። የመጀመሪያውን ዘንግ ሳብሁ። ክንዱ ተነሣ! እስከ ጉልበት፣ እስከ ወገብ። ከወገብ ሲያልፍ ቱቦው ተወጠረ፤ አንገቱ ከመግጠሚያው ተመዝዞ ወጣና ዘይቱ እንደ ምንጭ ተረጨ። ክንዱ ወደቀ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሰው አልተነካም።

ዘይቱ ወደ ሐይቁ እንዳይወርድ አመድና አፈር ነስንሰን፣ ጠርገን በማዳበሪያ ከረጢት ከተትነው።

ስንዱ ገመዱን ነካ ነካ አደረገችና፣ «ማነው እንዲህ የጠፈረው? ክንዱ ሲነሣ ቱቦውም አብሮ መሄጃ ይፈልጋል እኮ!» አለች።

«እኔ ነኝ ያሳሰርሁ» አልሁ።

እንድሪስ ዘይት ከፊቱ እየጠረገ፣ «ጢሜን ልላጭ?» አለ።

«ቋጠሮህማ አልተፈታም፤ የተፈታው ቱቦው ነው። ጢምህ ይቆይልህ።»

ሳቅን። ከዚያ እንድሪስ ክንዱን ተመለከተና፣ «እኔ እኮ የታንኳ ወገብ መስሎኝ ነው ጥርቅም ያደረግሁት። ለካ ይህ የዳርቻ ማሰሪያ ኖሯል! ታንኳ ከዳር ሲታሰር ገመዱ ይለቀቅለታል፤ ማዕበል ሲያነሣው እንዳይበጥስ» አለ። ይህን ብሎ ልብሱን ሊለውጥ ሮጠ፤ የጁምዓ ሰዓት ደርሶበት ነበር።

ስንዱ ቱቦ ልታስቆርጥ ተመልሳ ከተማ ሄደች። አንድ ስንዝር አስረዝሚው አልኋት። ሁለት አለች። ሁለት ይሁን አልሁ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር ፲፪

የኅዳር ሚካኤል። ከየደጁ የሚነሣው የጥራጊ ጢስ ሐይቁን ሸፍኖታል። ከቅዳሴ ስመለስ በማሳው ጫፍ፣ እንቦጭ ባልሸፈነው በኩል፣ ጭቃው መሰንጠቅ ጀምሮ አየሁ። አላማረኝም።

ቱቦው መጥቷል። እንድሪስ፣ «በዓሉ የእርስዎ ነው፤ እኔ ልግጠመው» አለኝ። «ትራክተሩም የእኔ ነው፤ በዓሉን ያከብራል» አልሁት። አልተቀየመም፤ ነገሬን ያውቃል።

እሑድ፣ ኅዳር ፲፫

ሰንበት። ደረቅ ነፋስ ቀኑን ሙሉ ነፈሰ። ሦስት ጊዜ ወጥቼ ማሳውን አየሁ።

ሰኞ፣ ኅዳር ፲፬

ጎሕ ሲቀድ ተነሣን። ስንዱ ገጠመች፤ እንድሪስ አሰረ፤ ግን በክንዱ መጋጠሚያ ላይ ቱቦውን እንደ ቀለበት አላልቶ ተወው። መፍሰስ አለመፍሰሱን በካርቶን መረመርን፤ ግፊት ያለው ዘይት ቆዳ ይበሳልና በእጅ አይዳሰስም። ካርቶኑ ደረቅ ነበር። ከኋላ ድንጋይ የሞላ ከረጢት ጫንን፣ መንሹ ሲከብድ ትራክተሩ በአፍጢሙ እንዳይደፋ።

ዘንጉን ሳብሁ። ክንዱ ከራሴ በላይ ወጣ። ቀለበቱ ተዘረጋ እንጂ አልተወጠረም።

ከደረቁ ዳር ሆኜ መንሹን ከእንቦጩ ሥር አስገባሁና አነሣሁ። ውሃው እየተንዠቀዠቀ መጣ። ከሥሩ የወጣው ጭቃ ጥቁርና እርጥብ ነው! እኔ ሁለት ቀን ስጨነቅ፣ ጠላቴ እንቦጭ ራሱ ከፀሐይ ከልሎ እርጥበቱን ሲጠብቅልኝ ኖሯል። እንድሪስ እጁን እስከ ክርኑ ከጭቃው ሰዶ፣ «አያ መንግሥቱ፣ ሽንብራውን ያምጡ!» ብሎ ጮኸ።

እስከ ቀትር እኔ ነዳሁ። ከዚያ ወርጄ መቀመጫውን ለስንዱ ለቀቅሁ። ሲመሽ የእኔ ማሳ እኩሌታውና የእንድሪስ ታንኳ ማውረጃ ተገልጦ ነበር። ነፋሱ ከዞረ እንቦጩ ተመልሶ ይመጣ ይሆናል፤ ይምጣ።

አእምሮዬ ሳይደክም በግልጽ እጽፈዋለሁ። ትራክተሩን፣ መንሹንና የመፍቻ ሣጥኔን ለልጄ ለስንዱ አወርሳለሁ፤ ወንድሞቿ ይህን አውቀው አይጠይቋት። እርሷም በየዓመቱ ሐይቁ ሲሸሽ ከእኛ ማሳ አስቀድማ የእንድሪስን ዳርቻ ትጥረግ።