ያለጊዜው የገጠመ አጥንት

ለወንድሜ፣

ሰላምታዬ ከቱርኩ ከተማ ኦውሉ ከተማ ድረስ ይድረስህ። ወገብህ እንዴት ሆነልህ? ልጅህ ኢልታስ? የራስ ቅሏን የቀዶ ጥገና ጠባሳ ፀጉሯ ሸፈነላት? እኔ ደህና ነኝ ብዬ ልጽፍልህ ስል እጄ እምቢ አለኝ።

«አይጥ አርቢዋ» እያልክ የምትቀልድበት ሥራዬ የፊትና የራስ ቅል አጥንት እንዴት እንደሚሠራ ማጥናት ነው። በፅንስ ውስጥ ሴሎች መልእክት ይላላካሉ፤ አንጎሉ ገና እያደገ ነው፣ ቆዩ፤ ጊዜው ሲደርስ ደግሞ ግጠሙ ይባባላሉ። ኢልታ ላይ መልእክት ተቀባዩ ስህተት ይዞ ተፈጠረና ማንም ሳይጠራው አቤት ይላል። አጥንቷም ያለጊዜው ገጠመ።

ሐኪሙ ለዘር ምርመራ የሁለታችሁንም ደም ሲጠይቅ ሚስትህ ሬታ ሰጠች፤ ምንም አልተገኘባትም። አንተ እምቢ አልክ። ልጄን ያበላሸብኝ ሚስቴ በእርግዝናዋ የዋጠችው ኪኒን ነው ስትል አጠገብህ ቆሜ ነበር። ሬታ ወደ እኔ ዞራ፣ «አንቺ እንኳ ንገሪው እንጂ፤ የተማርሽው ለዚህ አይደል?» አለችኝ። የኮቴን ቁልፎች ቆለፍኩ። በሳምንቱ ልጇን ይዛ ከቤትህ ወጣች።

በወሩ የራሴን ምራቅ መረመርኩ። አለብኝ፣ ወንድሜ። ያው ስህተት ነው። እናታችን በግራ ጆሮዋ የማትሰማው፣ የእኔም ግንባር እንዲህ የሰፋው ከዚያው ይመስለኛል። አንዳንዱን ሰው እንዲህ ነካ አድርጎ ያልፈዋል፤ አንዳንዱን ቢላ ሥር ያስተኛዋል። ለኢልታ ያወረስካት አንተ ነህ፤ ኪኒኑ ምንም አላደረገም። ይህን እያወቅሁ ሁለት ዓመት ዝም አልኩ። ብነግርህ ትሰበራለህ ብዬ ነው እያልኩ ራሴን ስሸነግል ኖርኩ። የፈራሁት ግን ለራሴ ነበር።

አሁን እኔም አርግዣለሁ። ሐሙስ ዕለት ሐኪሜ ሆዴን ቀዝቃዛ ቅባት ቀብታ ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችው። ስህተቱ ለልጁ የመተላለፍ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው አለችኝ፤ እንደማያውቅ ሰው አዳመጥኳት። ባለቤቴ አርቱሪ በቤተሰባችሁ በሽታ አለ ወይ ብሎ ሲጠይቀኝ፣ የለም አልኩት። አንተ ሬታን ባየሃት ዓይን እንዳያየኝ ፈርቼ ነው።

ለሬታ ሁሉንም ጽፌላታለሁ፤ የእሷ ደብዳቤ ካንተ ቀድሞ ይደርሳታል። ይቅርታ ሳትጠይቃት እንዳትውል። እኔን ከፈለግህ ጥላኝ፤ ብቻ ከተቆጣህ በኋላ ና። የፅንሱ ምርመራ ውጤት ሰኞ ነው፣ አርቱሪ ስለማያውቅ እጄን የሚይዘኝ ሰው የለኝም።

እግዜር ኢልታን ያሳድግልህ፤ ልብህንም ያራራልኝ።

እህትህ