የምድር ቤቱ ግድግዳ

ሰኞ፣ ጥቅምት 4
የክፍል ቁ. 12 ቧንቧ ዛሬም ያንጠባጥባል። አንዷ ልጅ ቀርታ ሱፐርቫይዘር ተብዬ አልጋ ሳነጥፍ ዋልኩ። ደብተሬ፣ በዚህ ላይ የሆቴሉ ባለቤት ጋሽ ኃይሉ የቤቱን ታሪክ ጻፊ ይሉኛል። በመስታወት ተደርጎ እንግዳ መቀበያው ላይ ሊሰቀል። ቤቱን ያሠሩት ደጃዝማች፣ ሰገነቱ፣ ግብሩ፣ ከዚያ ሆቴሉ። መሃል ላይ የቀበሌ ጽ/ቤት የነበረበት ዘመንስ? ብላቸው ዝለይው አሉ። እንጀራዬ ነው፣ ዘለልኩት።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6
ደጃዝማቹን ጨረስኩ። የማላውቀውን ሁሉ አሳምሬ ዋሸሁ።
ከሰዓት አንዲት ባለከዘራ ሴትዮ መጡ፣ እትዬ ዘነበች፣ ከሰንጋ ተራ። አልጋ አይፈልጉም። ምድር ቤቱን አሳዪኝ አሉ። በደርግ ጊዜ የቀበሌው እስር ቤት እዚያ ነበር። እኔ ጽ/ቤቱን እንጂ እስር ቤቱን አላውቅም። ወንድማቸው ታደሰ እዚያ ታሰረ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። አንድ ቀን ከእንግዲህ ስንቅ አታምጪ ተባሉ። ሬሳ የለ፣ መቃብር የለ። አብሮት የታሰረ ሰው ግን ባለፈው ወር ነገራቸው፤ ታደሰ ስሙን ግድግዳው ላይ በሚስማር ጽፎ ነበር።
ቁልፉ የለም፣ ሰኞ ይምጡ አልኳቸው። ቁልፉ ኪሴ ነው።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7
ደብተሬ፣ ላንቺ አልዋሽም። ያንን ግድግዳ ያስደፈንኩት እኔ ነኝ። አምና፣ የሆቴሉን ኮከብ የሚመዝኑት ሊመጡ ሲሉ። ቀለም ቀቢው ስም ይመስላል፣ ይነበብ ይሆን? ብሎኝ ነበር። የሰካራም ቡጨራ ነው፣ ስቱኮህን ለጥፍ አልኩት። ቀና ብዬም አላየሁ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 8
በቢላ ፋቅኩ። ስቱኮው የጥንቱን ጭቃ ይዞ ይረግፋል። ቀቢው ጋ ደወልኩ። ስቱኮውን ከመለጠፉ በፊት ጽሑፉን በብርጭቆ ወረቀት አሽቶታል። የለም፣ ጠፍቷል አለኝ። አለቀስኩ።
የእትዬ ዘነበች ዓይን ደክሟል። ስሙን እኔ ብጽፈውስ? ደስ ብሏቸው ይሄዱ ነበር።

ሰኞ፣ ጥቅምት 11
3፡00። ምድር ቤት ነኝ፣ ሚስማር ይዤ። «ታ»ን ጫርኩ። አምሮ ወጣ። እሱ ነው ያስጠላኝ። ለደጃዝማቹ ያን ሁሉ የዋሸ እጅ ለዚህ እንቢ አለ። ፍቄ አጠፋሁት።

5፡30። መጡ። ሁሉንም ነገርኳቸው፣ ሚስማሩንም ጭምር። ይረግሙኛል ስል ልሙጡን ግድግዳ በመዳፋቸው ዳሰሱ። ከታደሰ ሌላ የእነማን ስም ነበር? አሉኝ። ለእነሱም እህት ትኖራለች፣ ሄጄ ልንገራት አሉ። እኔ ግን ያን ቀን ቀና ብዬም አላየሁ።