በሰባተኛው ጉድጓድ ስለፈሰሰው የተማም ዓይን

ለክቡር አቶ አምሃ ጥጋቡ
የማኅበራችን ሊቀመንበር
ቶሮንቶ፤ ጥቅምት 12 ቀን 1978 ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፣

ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ትከሻዎና ክንድዎ ብርታታቸው እንዳልቀነሰ አምናለሁ፤ ቀንሶ ከሆነም ለአባላቱ ደኅንነት ሲባል ባይታከሙት እመርጣለሁ። ይህን ደብዳቤ በጽሕፈት ቤትዎ በር ሥር ሁለት ጊዜ አስገብቼ መልስ አላገኘሁም። የማንበብ ድካም በእርስዎ ላይ ብቻ እንዳይወድቅ ብዬ አባዝቼ ለአባላቱ ሁሉ አድዬዋለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ጉዞው አመሰግንዎታለሁ። ባለፈው ነሐሴ ማኅበራችንን የረዳው ድርጅት በአትላንቲክ ዳር ወዳለው የመዝናኛ ስፍራ ሲጋብዘን፣ ዓሣ በልተን፣ ባሕር አይተን፣ እግዜር ይስጥልን ብለን መመለስ እንችል ነበር። እርስዎ ግን አዲስ አበባ ሳሉ ከአምባሳደሮች ጋር ለብዙ ዓመታት ጎልፍ መጫወትዎን ለጋባዦቹ ስለነገሯቸው፣ የታወቁ ሻምፒዮኖች በሚወዳደሩበት ሜዳ ላይ ቦታ ያዙልን። የታክሲ ሾፌር የሆነው አባላችን ተማም ኢድሪስ ሁለት ቀን ሙሉ መኪናውን እየነዳ አደረሰን። ጸሐፊያችን ሳሙኤል ከፊት ተቀምጦ ካርታ ያነብ ነበር፤ እኔ ከኋላ ሆኜ የጨዋታውን ደንብ የያዘች ትንሽ መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር አነበብሁ። እርስዎ ተኙ፤ የሚያውቅ ሰው ምን ያነባል?

ሁለተኛ፣ ስለ ሜዳው። ኳሷ በዱላ እየተመታች፣ ተራ ቁጥር ካላቸው ትናንሽ ጉድጓዶች በየተራ መግባት አለባት። በዚያ ሜዳ የሚያሸንፈው ባሕሩ እንደሆነ ጋባዦቹ ገና ሳንጀምር ነግረውናል። ነፋሱ ሰውን በጥፊ ይመታል፤ ማዕበሉ ዐለቱን ሲደበድብ መሬቱ ከእግር ሥር ይንቀጠቀጣል፤ አሸዋ የተሞሉት የኳስ ወጥመዶች ረጅም ሰው ይውጣሉ። እርስዎ በሁለተኛው ጉድጓድ አሸዋውን ዘጠኝ ጊዜ መትተው ኳሷን አንድ ጊዜም ሳይነኩ ወጡ። በአራተኛው አንዱን ዱላ ዐለት ላይ ሰበሩት። በአምስተኛው ሌላውን አሽከርክረው ወደ ባሕር ወረወሩት፤ ከሥር ሰው ነበረ አልነበረ አላዩም። በስድስተኛው ደግሞ ሳሙኤልን በዱላው እጀታ ደረቱን ወግተው፣ “ጥላህን ከኳሴ ላይ አንሣ!” አሉት። ሰማዩ ደመና ነበር፤ ማናችንም ጥላ አልነበረንም። ሳሙኤል ግን ይቅርታ ጠይቆ ፈቀቅ አለ። አምባሳደሮቹ እርስዎን እንዴት እንደቻሉዎት እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ሦስተኛ፣ ስለ ሰባተኛው ጉድጓድ። እዚያ ላይ ኳሷን ከገደል አፋፍ አስነሥቶ፣ ባሕሩን አሻግሮ፣ ማዶ ካለው ሣር ላይ ማሳረፍ ያስፈልጋል። ኳሷ ከመመታቷ በፊት ትንሽ የእንጨት ችካል ላይ ትቀመጣለች፤ ለማስቀመጥ መጎንበስ ግድ ነው። በዚህ ጨዋታ እያንዳንዱ ሰው የሚጎነበሰው ለራሱ ነው። ነገር ግን ተማም ታላቁ እያጎነበሰ እሱ ቆሞ የሚያይ ሰው አይደለም። ከመጀመሪያው ጉድጓድ ጀምሮ፣ “ኧረ ጋሼ፣ እኔ እያለሁ? ወላሂ አይሆንም!” እያለ፣ እርስዎ ዱላዎን ይዘው እንደቆሙ እግርዎ ሥር እየተጎነበሰ ያስቀምጥልዎ ነበር። ጋባዦቻችን በደመወዝ የያዙት አሽከር መሰላቸው፤ እርስዎም አላረሟቸው። ማንም ሰው ዱላ በሚደርስበት ክልል ውስጥ መገኘት እንደሌለበት መጽሐፏ በሦስተኛው ገጽ ላይ በደማቅ ፊደል ጽፋለች። አንብቤዋለሁ። ሊቀመንበር አይታረምም ብዬ ዝም አልሁ።

ሦስት ኳሶች ባሕር ገቡ። ጋባዦቹ ከኋላ ቆመው ይመለከቱ ነበር። ለአራተኛዋ ተማም ሲጎነበስ ነፋሱ ኳሷን ከችካሏ ላይ ጣላት፤ መልሶ አስቀመጠ፤ እንደገና ወደቀች። “ቶሎ በል እንጂ፣ አንተ ደንቆሮ! ሰው እያየን እኮ ነው!” ብለው ጮኹ። “አንዴ ጋሼ፣ ነፋሱ እኮ ነው” አለ። ዱላውን አነሡና አወረዱት።

የብረት ጫፍ የሰው አጥንት ሲያገኝ የሚያሰማውን ድምፅ ለማያውቁ አባላት ልገልጸው ሞክሬ ትቼዋለሁ። ተማም በጉልበቱ ተንበርክኮ ግራ ዓይኑን በሁለት እጁ ያዘ፤ ደሙ በጣቶቹ መካከል እየወጣ በሣሩ ላይ ፈሰሰ። እርስዎ ያን ጊዜ የተናገሩትን በዚያ የነበርነው ሁሉ ሰምተናል። “ኳሷ የት ሄደች?” ነበር ያሉት።

ሆን ብለው መቱት አልልም፤ የማላውቀውን አልጽፍም። ሰውየው እግርዎ ሥር እንደተጎነበሰ ግን ያውቁ ነበር፤ ደንቆሮ ብለው የሰደቡት እሱን ነውና።

አራተኛ፣ ስለ ወረቀቱ። ተማም በሆስፒታል ዓይኑ ሲወጣ፣ እኛ ሦስታችን በመዝናኛው ሳሎን ተቀምጠን የአደጋ መግለጫ አዘጋጀን። እርስዎ አስጻፉ፤ ሳሙኤል ጻፈ። ተማም በምሳ ሰዓት መጠጥ አብዝቶ፣ ዐለት ላይ ተንሸራትቶ ወደቀ ይላል። ብዕሩን ለመያዝ ሳመነታ ሳሙኤል፣ “ጋሽ ተሻገር፣ ማኅበሩ በፈረንጅ ፊት ከሚዋረድ አንድ ፊርማ ምን አላት?” አለኝ። ቀኑ በስሕተት ስለተጻፈ ሰርዤ አስተካከልሁት። ውሸቱን እንዳለ ትቼ ፈረምሁ። በሃምሳ አራት ዓመቴ፣ የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ይዤ፣ ያረምሁት ቀኑን ብቻ ነው።

ሐኪሞቹ ተማም በአንድ ዓይን ማየትን ሲለምድ መንዳት እንደሚችል ጽፈውለታል። ነገር ግን የታክሲ ሥራውን ለመቀጠል ወደ ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ሲሄድ፣ የእኛ ወረቀት ከመዝናኛው ተልኮ ፋይሉ ውስጥ ቀድሞት ተቀምጦ ነበር። ሰካራም ሾፌር ተብሎ ፈቃዱ ታግዷል። የፊታችን ማክሰኞ ጉዳዩ ይሰማል፤ ካልተስተካከለ ለዘለቄታው ይነጠቃል። ተማም ሌላ ሙያ የለውም፤ መጠጥም በሕይወቱ ቀምሶ አያውቅም።

ባለፈው እሑድ ባለቤቱ መኪያ ወረቀቱን ይዛ ቤቴ መጣች። ግቢ ብላትም አልገባችም። “ጋሼ፣ አሥራ ሰባት ዓመት አብሬው ስኖር መጠጥ ሸቶኝ አያውቅም። አምሃን አልጠይቅም፤ እሱ ያው እሱ ነው። ይሄ ግን የእርስዎ ስም ነው እንዴ?” አለችኝ። ነው አልኋት። ወረቀቱን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ደረጃውን ወረደች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ስለዚህ ፊርማዬን በዛሬው ቀን አንሥቻለሁ። ያየሁትን እንዳየሁት ጽፌ ለመሥሪያ ቤቱ ልኬአለሁ፤ ማክሰኞም ቀርቤ እናገራለሁ። በመጀመሪያ ለምን ዋሸህ ብለው ይጠይቁኛል። ፈሪ ስለሆንሁ እላለሁ። ከዋሸ ሰው ቃል ይልቅ የሊቀመንበር ቃል ሊታመን እንደሚችል አውቃለሁና፣ እርስዎም መጥተው በራስዎ አንደበት እውነቱን እንዲናገሩ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ስለ ክንድዎ ብርታት፣ ስለ ብዕርዎ ፍጥነት፣ ወገን አገለግላለሁ ብለው በቃለ ጉባኤ ስለማሉት መሐላ፣ ለሚጎነበስልዎ ሁሉ ስለሚያሳዩት ርኅራኄ ያለኝን አድናቆት በድጋሚ እየገለጽሁ፣

በወረቀትዎ ላይ ከሦስቱ ሐሰተኞች አንዱ የነበርሁ፣
ተሻገር ባልቻ

ማስታወሻ፦ ማክሰኞ ለመምጣት ከወሰኑ፣ ከተማም በስተግራ ያለውን ወንበር እንዲይዙ እመክራለሁ፤ በዚያ በኩል ማን እንደተቀመጠ አያይም። ድምፅዎን ከሰማ ግን ዛሬም ታላቅ መጣ ብሎ ብድግ ይልልዎታል። ያን ጊዜ የት እንደሚመለከቱ ከአሁኑ ያስቡበት።