ከጀቱ ጎን የበረረው ብርሃን

ይድረስ ለምወድህ ታናሽ ወንድሜ ለሻምበል ብዙአየሁ፤ ጤናህ እንዴት ሰንብቷል? እኛ አልሐምዱሊላህ፣ እመብርሃን ትመስገን፣ ደህና ነን፤ ገብሱም ታጭዷል።

ከጀትህ ጎን ሲበር ቆይቶ ድንገት ጠፋ ስላልከኝ ብርሃን ለእማዬ ብነግራት፣ «መልአክ ነዋ! ለአለቃ ይነገራል እንዴ?» አለችኝ። ምነው ለእሷ ብቻ ነግረሃት በነበረ፤ ከበረራ ባላገዱህ!

ጓደኛህ ደውሎ «ምሳውን ትቶ ሰማይ ሰማይ ያያል» አለኝ። በሚኒባስ ጸበል ልኬልሃለሁ፤ ለምንም አይደለም፣ የአገርህን ውሃ ትወድ የለ? ጠጣው፣ ፊትህንም ታጠብበት።

ትናንት ጀት ሲያልፍ እንደ ልማዴ አንተን ብዬ ነጠላዬን አውለበለብኩ።

«አንቺ፣ እሱ መሬት ላይ አይደል እንዴ?» አለችኝ እማዬ።

«ጓደኞቹ አይተው ይንገሩት» አልኳት።

እሷም የራሷን ነጠላ አነሳች።

ዓይንህን ለማየት ያብቃን።

እህትህ አልታዬ፣ ከመካነ ሰላም